ቡቲክ ሆቴል ምንድን ነው? ቲያትር ሰፈር ውስጥ ያለው ስዊትስ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎቹ ስር ሻይ ይዘን የጉዞ ወሬ ከተነሳ አንዱ "ቡቲክ ሆቴል ማለት'ኮ ባለ አምስት ኮከብ ነው" ይላል፣ ሌላው ደሞ "ኧረ አቦ፣ የሀብታም ፔንሲዮን ነው" ይለዋል። ሁለተኛው ትንሽ ይቀርባል። ቡቲክ የኮከብ ደረጃ አይደለም። ኮከብ ሚሰጠው መስፈርት ተይዞ፣ አልጋው፣ መታጠቢያው፣ ኩሽናው እየተቆጠረ ነው፣ እኛም ሀገር ባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን ሲመድብ ያረገው ይሄንኑ ነው። ቡቲክ ግን ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ራሱ ስለራሱ ሚያወራው ነገር ነው፣ ስለዚ ታፔላውን አይቶ መክፈል አያዋጣም፣ ውስጡን መጠየቅ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ትንሽ፣ የራሱ መልክ ያለው፣ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ግልባጩን ማታገኙት ሆቴል ነው። ትንሽ ስል ብዙ ጊዜ ከመቶ ክፍል በታች ነው፣ ሃያ ሠላሳ ክፍል ብቻ ያላቸውም ሞልተዋል። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ሆቴሎች ጥንካሬያቸው ዱባይ ብታድሩ አዲስ አበባ ብታድሩ መጋረጃው፣ ፍራሹ፣ የሳሙናው ሽታ ሳይቀር አንድ አይነት መሆኑ ነው። ቡቲኩ ሚሸጠው ተቃራኒውን ነው፣ አንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ጋር ላይመሳሰል ይችላል፣ ወንበሩን ተጨንቆ የመረጠ ሰው አለ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ያመጣ ሰው አለ፣ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅም በማግስቱ ስማችሁን ይዛዋለች። እኛ ድሬዎች ሆቴል ሲባል ዓይናችን ላይ ሚመጣው ሌላ ነው፣ ሰፊ ግቢ፣ ፓርኪንግ፣ የሰርግ አዳራሽ፣ ከተገኘ ዋና ገንዳ፣ ኳስ ሚታይበት ትልቅ ስክሪን፣ መብራት ሲጠፋ ሚነሳ ጄኔሬተር። ከተማ መሀል ያለ ቡቲክ ውስጥ ከነዚህ አብዛኛው የለም፣ ሎቢው ራሱ ከኛ ሳሎን ብዙም ላይሰፋ ይችላል። ይሄን ሳያውቅ የሄደ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ተበላሁ ይላል፣ አልተበላም፣ የገዛው ሌላ ነገር ነው።

አመጣጡ ደሞ ከሆቴል ሰዎች አይደለም፣ ለኔ ደስ ሚለው ክፍል ይሄ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ስቲቭ ሩቤልና ኢያን ሽሬገር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1977 ስቱዲዮ 54 የሚባለውን፣ ዓለም ያወራለትን ዳንስ ቤት ከፈቱ፣ ሕንፃው በ1927 ለኦፔራ ተብሎ የተሠራ ነበር። ከዛ በታክስ ማጭበርበር ታሰሩ። ሲወጡ ጭፈራውን ትተው ሆቴል ውስጥ ገቡና በ1984 ማዲሰን አቬኑ ላይ ሞርጋንስን ከፈቱ፣ ቡቲክ የሚለውን ስም ለሆቴል ያዋለው ሩቤል ነው ይባላል። ለንደንና ሳንፍራንሲስኮ ውስጥም በዛው ዘመን ትንንሽ መልከ-ብዙ ሆቴሎች ተከፍተው ስለነበር ሁሉንም ለነሱ ብቻ መስጠት አይቻልም፣ ያስጮሁት ግን እነሱ ናቸው። ሰዎቹ ምሽት ማድመቅ ነው ሚያውቁት፣ እንግዳ በሩን አልፎ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያያል፣ መብራቱ ፊቱን እንዴት ያሳየዋል፣ ሎቢ ውስጥ ማን ከማን ጋር ይጋጠማል የሚለውን ከዳንስ ቤቱ ይዘውት ነው የመጡት። በ1988 ሮያልተንን ከፈቱ፣ ሩቤል በ1989 አረፈ፣ በ1990 ሽሬገር ፓራማውንትን ከፈተ፣ ሁለቱም እዛው ቲያትር ሰፈሩ ውስጥና ጥጉ ላይ ናቸው፣ የሁለቱንም ውስጥ የነደፈው ፈረንሳዊው ፊሊፕ ስታርክ ነው። ፓራማውንት የ1920ዎቹ ሕንፃ ነው፣ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ እና ስታርክ አልጋው ራስጌ ላይ የሆላንዱን ሠዓሊ የቬርሜርን "ዳንቴል የምትሠራ ሴት" ሥዕል በትልቁ አቆመበት፣ ዓይን እዛ ሲሄድ ጥበቱ ይረሳል። ጥበትን አለመደበቅ፣ ግን ከጥበቱ ሚበልጥ ሚታይ ነገር ማስቀመጥ፣ የቡቲክ ሥራ በቃ ይሄ ነው። ስቱዲዮ 54 ራሱ በኋላ ተመልሶ የብሮድዌይ ቲያትር ቤት ሆኗል።

እሺ ቲያትር ሰፈር ያልኩት የቱን ነው። ኒውዮርክ ላይ ታይምስ ስኩዌርን ከብቦ በግምት ከ40ኛው እስከ 54ኛው መንገድ ያለው ነው፣ ብሮድዌይ ተብለው ሚቆጠሩት 41 ቲያትር ቤቶች ከሞላ ጎደል እዛው ተደርድረዋል፣ ብሮድዌይ ለመባል አዳራሹ ቢያንስ 500 ወንበር ሊኖረው ይገባል። ለንደን ላይ ዌስት ኤንድ አለ። ሆቴልና ቲያትር መጎራበታቸው አዲስ ነገር አይደለም፣ የለንደኑ ሳቮይ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1889 ሲከፈት ያሠራው ሰውዬ ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ከጎኑ በ1881 የከፈተው የሳቮይ ቲያትር ባለቤት ነው፣ ሆቴሉን ያቆመውም ቲያትሩ ባመጣለት ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ላይም ብሔራዊ ቲያትርንና ራስ ሆቴልን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ ትዕይንት አይቶ የወጣ ሰው ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ከሩቅ የመጣ ከሆነም ያድራል።

አሁን ስዊት። ስዊት ማለት መኝታውና መቀመጫው የተለያየ ክፍል ነው፣ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ አልጋችሁን አያይም። ችግሩ ሁሉም ሆቴል ቃሉን እንደፈለገ መዘርጋቱ ነው። ጁኒየር ስዊት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ነው፣ ሰፋ ያለ፣ ጥጉ ላይ ሶፋ የተጨመረበት፣ በመሀል ግድግዳ የለም። ስለዚ ምትጠይቁት ጥያቄ "ስንት ካሬ ነው" ከሚለው በፊት "መሀሉ ላይ በር አለ ወይ?" የሚለው ነው፣ በተለይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ወይ ከእናቱ ጋር ለሚሄድ ሰው። እናት በጊዜ ትተኛለች፣ እናንተ ከቲያትር በአሥራ አንድ ሰዓት ሌሊት ነው ምትመጡት (በነሱ አቆጣጠር፣ በኛ ከምሽቱ አምስት)፣ ጫማ ሚወለቀው፣ ሚበላው፣ ሚወራው ሳሎኑ ውስጥ ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ እሷም አትነሳም። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል፣ እና ለአራት ሰው ሁለት ክፍል ከመያዝ አንድ እውነተኛ ስዊት ሚረክስበት ጊዜ አለ፣ ሁለቱንም ዋጋ ሳያዩ አለመወሰን ነው። ማንሃተን ላይ ተራው ክፍል 18 ካሬ ሜትር አካባቢ ቢሆን ማንም አይደነቅም፣ ሻንጣ ሁለት ከተከፈተ መራመጃ የለም።

ከስዊቱ በላይ ግን እንቅልፋችሁን ሚወስነው መስኮቱ ወዴት ነው ሚያየው የሚለው ነው። ታይምስ ስኩዌር ላይ ያ ሁሉ ብርሃን ነጋዴ ስለወደደ ብቻ የመጣ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የከተማው ደንብ ራሱ እዛ ሚሠራ ሕንፃ ትልልቅ ሚያበሩ ማስታወቂያዎች እንዲኖሩት ያስገድዳል። ስለዚ ጥቅጥቅ ያለ መጋረጃ ቅንጦት አይደለም። ድምፁ ደሞ ሰዓት አለው። አንድ ትዕይንት በሳምንት ስምንት ጊዜ ነው ሚታየው፣ ማታ ማታ በነሱ ሰባት ወይ ስምንት ሰዓት ይጀምራል፣ ረቡዕና ቅዳሜ ብዙዎቹ የቀን ትዕይንት አላቸው በነሱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሰኞ ሰኞ አብዛኛዎቹ ይዘጋሉ። ማታ በነሱ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ከዛ ሁሉ አዳራሽ ሰው ባንዴ ይወጣል፣ ታክሲ ይጠራል፣ ፖሊስና አምቡላንስ ሳይረን ያሰማል፣ ሌሊት ደሞ ቆሻሻ ሰብሳቢው መኪና ይመጣል ምክንያቱም ቆሻሻው መንገድ ዳር ነው ሚቀመጠው። ቡክ ስታደርጉ "ከፍ ያለ ፎቅ፣ ወደ ውስጥ ግቢ ሚያይ" ብላችሁ ጻፉ። ወደ ውስጥ ሚያየው ክፍል እይታው የጎረቤት ግድግዳ ነው፣ ለኔ ከሆነ ግድግዳውን እመርጣለሁ፣ መብራቱን ወርጄ በነፃ አየዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሚሄድ ሰው ግን መስኮቱን ከፍቶ ያን ትርምስ ማየት ነው ሚፈልገው፣ ይገባኛል፣ አንድ ሌሊት ባይተኛ አይሞትም።

ትኬት በሙሉ ዋጋ ግዴታ አይደለም፣ እዛው አደባባዩ ላይ፣ ቀዩ ደረጃ ስር ቲኬቲኤስ የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ መሸጫ አለ፣ የዕለቱን ትርፍ ወንበር በቅናሽ ይሸጣል፣ ሰልፍ አለው። ሆቴላችሁ በእግር አምስት ደቂቃ ከሆነ ሰልፉ ላይ አንዱን አቁሞ ሌላው አረፍ ማለት ይችላል፣ ቲያትር ሰፈር ውስጥ ማደር ጥቅሙ እንደዚህ አይነት ነገር ላይ ነው ሚታየው።

ብሩ ላይ ተጠንቀቁ። ድሮ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ዋጋና መጨረሻ ላይ ሚጠየቀው አይገናኙም ነበር፣ ዴስቲኔሽን ፊ ምናምን እየተባለ በየሌሊቱ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ሆቴልም የትዕይንት ትኬት ሻጭም እንዲህ ያለውን ግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ደምሮ እንዲያሳይ ያስገድዳል፣ የመንግሥት ታክስ ግን ተለይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ኒውዮርክ ላይ ደሞ እሱ ወደ 15 ከመቶ ይጠጋል፣ በየሌሊቱ ጥቂት ዶላርም አለው። ሌላው፣ ስትገቡ ካርድ ይጠይቃሉ፣ ለድንገተኛ ወጪ ተብሎ ካርዱ ላይ የሆነ ገንዘብ ይያዛል፣ ስትወጡ ይለቀቃል ግን ወዲያው ላይሆን ይችላል። ከዚህ ጥሬ ዶላር ብቻ ይዞ ሚሄድ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል፣ ወይ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ካርድ አውጥቶ መሄድ፣ ወይ እዛ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲያስይዝ ማረግ፣ የሰው ካርድ ከሆነ ደሞ ሆቴሉ ይቀበል እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ። ቁርስ በዋጋው ውስጥ ነው ብላችሁም አታስቡ፣ እኛ ጋ እንደለመድነው አይደለም። ክፍሉን ለምታጸዳዋ ሴት በየቀኑ ጥቂት ዶላር ትራስጌ ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

ይሄን ሁሉ የአሜሪካ ነገር ካወራሁ በኋላ፣ ቡቲክ የሚባለው ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ ሐረር ከድሬ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ የመዘገበው ጁገል ግንብ ውስጥ ቤተሰብ በራሱ የሐረሪ ባህላዊ ቤት እንግዳ ሚያሳድርባቸው ጌስት ሀውሶች አሉ። ክፍላቸው ጥቂት ነው፣ ማንም ዲዛይነር አልቀጠረም፣ ግን ነደባው፣ ማን የቱ ላይ እንደሚቀመጥ በክብር የተከፈለው ከፍ ዝቅ ያለው መቀመጫ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት፣ ሰሀኑ፣ ሌላ ከተማ አይገኝም። ዋናው ክፍል ጎን ክርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፣ ድሮ ሙሽሮች ሰው ሳያያቸው ሚከርሙባት፣ ከጁኒየር ስዊት ይልቅ እሷ ስዊት ለመባል ትቀርባለች፣ ቢያንስ ግድግዳ አላት። ፀጥታ ግን እዚህም አትጠብቁ፣ ጅቡ ሌሊት ይመጣል፣ 82 መስጊድ ባለበት ግንብ ውስጥ ደሞ ሱብሂ ሲደርስ አዛኑ ይቀሰቅሳችኋል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ መታጠቢያው የግል ነው ወይስ የጋራ፣ መኪና እስከየት ይገባል፣ የጁገል ቅያሶች ጠባብ ስለሆኑ ከበሩ ጀምሮ ሻንጣውን እናንተ ናችሁ ምትሸከሙት።