ዐቢይ ጾም ሲገባ ደም መስጠት ይቁም?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ጾሙ ይውጣና እሰጣለሁ» የሚል ምእመን ብዙ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ የሚቆየው፣ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለው ማቆያ ፈሳሽ፣ 35 ወይም ቢበዛ 42 ቀን ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌትማ 5 ቀን ብቻ። በቅበላ ሰሞን የተሰጠ ደም ለሆሳዕና አይደርስም ማለት ነው። በሆሳዕና ሌሊት ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናት የሚደርስላት በጾሙ መካከል የተቀዳው ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር፣ የተራበን ከማብላትና የታረዘን ከማልበስ ጋር ከሥጋ ዘመድ አለመሸሸግን አብሮ ይቆጥራል። «ደም እኮ የተከለከለ ነው» ለሚሉ፦ በዘሌዋውያን 17 ሕይወት በደም ውስጥ እንዳለች ተነግሮ የተከለከለው መብላቱ ነው። በደም ሥር የሚገባ ደም መብል አይደለም።

ታዲያ ማን ይስጥ? ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ፣ ከሰጠ 3 ወር ያለፈው ጤነኛ ሰው። 450 ሚሊ ሊትር ለመቅዳት ግን 50 ኪሎ መሙላት ይመረጣል። ጣት ተወግቶ የደም መጠን ይለካል፤ ግፊትም ይታያል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ስኳር ሕመምተኛ አይሰጡም። አንቲባዮቲክ ላይ ያለ ይቆይ። ወባ ታሞ የዳነ መቼ እንደታመመ ይናገር። ዋግምት ያስደረገ ወይም የተነቀሰ ሰው እስከ 12 ወር ሊቆይ ይችላል፤ ስለቱ ወይም መርፌው የማን ደም እንደነካ አይታወቅምና።

አሁን የሚከብደውን እንናገር። ደም ከመስጠት በፊት በግል ስለ ግንኙነት፣ ስለ መርፌ፣ ስለ በሽታ ይጠየቃል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ተሰልፎ ሲመጣ፣ ከኋላ ጓደኛ እየጠበቀ፣ «ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የተቀዳው ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት በሽታ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ነገር ግን ሰው ከተያዘ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ያን ክፍተት የሚዘጋው የሰጪው እውነት ብቻ ነው። ስለዚህ «ነጻ ምርመራ ነው» ብሎ ደም ለመስጠት መሄድ በታማሚው ነፍስ መቀለድ ነው። አፍሮ የሰጠ ሰው ቢኖር፣ ከወጣ በኋላም ቢሆን ደም ባንኩ ጋ ደውሎ «የእኔን አትጠቀሙ» ማለት ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎችም የማይሰጠውን «ለምን?» ብላችሁ በሰው ፊት አትጠይቁ።

ወደ ጾሙ እንመለስ። እስከ 9 ሰዓት የጾመ ሰው በባዶ ሆዱ ሄዶ መስጠት የለበትም። ውኃ ያልጠጣ ሰው ደም ሥሩ ጠፍቶ መርፌ ይደጋገምበታል፤ ደሙም ሲቀዳ ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የጆሮ ጩኸት ምልክቶቹ ናቸው፤ ያኔ ወዲያው መናገር፣ ተጋድሞ እግርን ከፍ ማድረግ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ከመስጠት በፊት ባሉት 3 ወይም 4 ሰዓታት ውስጥ መብላት፣ ሊሰጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ግማሽ ሊትር ውኃ መጠጣት።

ለዚህ ደግሞ ቅዳሜ ትመቻለች። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት እንጾማለን እንጂ እስከ 9 ሰዓት አንቆይም፤ ቅዳሴውም ጠዋት ያልቃል። ቅዳሜን ከእሑድ የምናስበልጥበት ምክንያት አለን፤ ከደሙ ጋር የወጣው ፈሳሽ ተመልሶ የሚተካው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነውና፣ ቅዳሜ የሰጠ ሰው ሰኞ ጾሙና ስግደቱ ሲመለስ ይደርስለታል። እሑድ ሊቆርብ ያሰበ ግን ያንን ቅዳሜ ይተወው። ለቁርባን 18 ሰዓት ከእህል ከውኃ መከልከል አለ፤ ደም ሰጥቶ ውኃ አለመጠጣት አይሆንም። በቆረቡበት ቀንም ደም አይሰጥም። ሰሙነ ሕማማትን እንዲሁ እንለፈው።

ከሰጡ በኋላ ክንድን አጥፎ ሳይሆን ዘርግቶ ጥጡን 5 ደቂቃ ያህል መጫን ይገባል፤ የሚያጥፍ ሰው ነው ቆዳው የሚበልዝበት። ከአንድ ከረጢት ጋር ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይወጣል። ሥጋ በሌለበት ጾም ይህን የሚመልሰው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ነው፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ብረቱ በደንብ ይገባል። ከምግቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ቡና ግን ብረቱን ይይዘዋልና አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ይሻላል። (ይህች ከጾሙ ሳትከብድ አትቀርም።)

ስግደትም አለ። ደም የሰጠ ሰው ወርዶ ሲነሣ ዓይኑ ይጨልምበታል። ቅዳሜና እሑድ አይሰገድም፤ ቅዳሜ ጠዋት የሰጠ ሰኞ ሲነጋ ፈሳሹ ተተክቶለታል። ሰኞም ቢያዞረው አንገቱን ደፍቶ ይቁም፤ ቁጥሩን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ያስቀንስ።