የኦፕንቢኤስዲ የደኅንነት ለውጦች የት ተመዝግበው ይገኛሉ?

ኦፕንቢኤስዲ ቴዎ ደ ራት ከኔትቢኤስዲ ፕሮጀክት ከተለየ በኋላ በኦክቶበር 1995 የጀመረው፣ ዘሩ ከዩኒክስ የሚመዘዝ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ እትም ይወጣለታል፤ ማስተካከያ የሚደረግላቸው ግን የመጨረሻዎቹ ሁለት እትሞች ብቻ ናቸው። ስለ ደኅንነት ለውጦቹ የተጻፈው ብዙ ነው፣ ጥራቱም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በአንድ መዝገብ አልተጠቃለለም። ከፊሉ በኤራታ (የስህተት ማረሚያ) ገጾች፣ ከፊሉ በእትም ማስታወቂያዎች፣ ከፊሉ በማንዋሎች፣ የቀረው ደግሞ በሶርስ ኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከሌላ ሲስተም የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሲቪኢ (ለታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎች የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ) ቁጥር ይዞ ፍለጋ ይጀምርና ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ቁጥሩ ያልተጠቀሰባቸው የኤራታ ማስታወሻዎች ጥቂት አይደሉምና። ይህ ከቸልተኝነት የመጣ አይደለም። ከ1996 አጋማሽ ጀምሮ አባላቱ ሶርስ ኮዱን ፋይል በፋይል ሲመረምሩ የያዙት መርህ፣ የተገኘን ስህተት ለጥቃት ይመቻል አይመችም ብሎ ሳይከራከሩ ማረም ነው። እንዲህ ከታረሙት መካከል አንዳንዶቹ ለጥቃት የሚመቹ መሆናቸው የታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በኦፕንቢኤስዲ ቀዳዳው ቀድሞ ተደፍኖ ነበር። ለተጠቃሚው ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሰነድ ፈላጊውን ግን ያስቸግረዋል። ለውጡ ሲገባ «ደኅንነት» የሚል ቃል ስላልተጻፈበት በዚያ ቃል ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ የሚሻለው በተለወጠው ነገር፣ ማለትም በፋይሉ፣ በፋንክሽኑ ወይም በሲስተም ኮሉ (ፕሮግራም ከሲስተሙ እምብርት አገልግሎት በሚጠይቅበት ጥሪ) ስም መፈለግ ነው።



ኤራታ

እያንዳንዱ እትም የራሱ የኤራታ ገጽ አለው። አጻጻፉ ቁጥብ ነው። ባለ ሦስት አኃዝ ተራ ቁጥር ይቀድማል፤ «የደኅንነት ማስተካከያ» ወይም «የአስተማማኝነት ማስተካከያ» የሚል መለያ፣ ቀኑና የሚመለከታቸው የፕሮሰሰር ዓይነቶች ይከተላሉ። ችግሩ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽና ፓቹ (ኮዱን የሚያርመው ፋይል) ይያያዛል። በፓቹ ራስጌ ላይ የአጫጫኑ ትእዛዝ ተጽፏል፤ ከ5.5 (2014) ወዲህ ደግሞ ሲግኒፋይ በተባለው የፕሮጀክቱ መሣሪያ የተፈረመ ነው።

መለያው ቀላል ቢመስልም ትልቁ ክርክር የተነሣው በእሱ ነው። በ2007 መጀመሪያ ኮር ሴኩሪቲ የተባለው ድርጅት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የአይፒቪ6 መልእክቶችን በሚያስተናግድበት ኮድ ላይ ስህተት አግኝቶ አሳወቀ። ስህተቱ ወዲያው ታረመ፤ ነገር ግን ማሽኑን ከማቆም ያለፈ ጉዳት እንደማያደርስ ስለታመነ «የአስተማማኝነት ማስተካከያ» ተባለ። ድርጅቱ በዚሁ ስህተት ተጠቅሞ በከርነሉ ውስጥ ኮድ ማስኬድ እንደሚቻል በተግባር ሲያሳይ መለያው «የደኅንነት ማስተካከያ» ወደሚለው ተቀየረ። ዛሬ የ4.0 እትም ኤራታ ቢከፈት ተራ ቁጥር 010 ላይ ማርች 7 ቀን 2007፣ ከጎኑም ሁለተኛ ክለሳ ማርች 17 ይላል። መለያው በመካከሉ መቀየሩን ግን ገጹ አይናገርም፤ ይህ የሚታወቀው ከድርጅቱ መግለጫ ነው። ነቃፊዎች ፕሮጀክቱ ነገሩን ለማሳነስ ሞክሯል ይላሉ። ማስረጃ ሲቀርብ መለያው በቀናት ውስጥ መቀየሩና የፕሮጀክቱ መፈክር ሳይቀር መታረሙ ግን ይህን ክስ ያዳክመዋል።

መፈክሩ ራሱ እንደ ሰነድ ሊነበብ ይችላል። እስከ 2002 አጋማሽ ድረስ፣ ሲስተሙ እንደተጫነ ባለበት ሁኔታ ከርቀት የሚገባበት ቀዳዳ ለዓመታት እንዳልተገኘበት ይናገር ነበር። በጁን 2002 ፕሮጀክቱ በሚያዘጋጀው የርቀት መግቢያ ፕሮግራም በኦፕንኤስኤስኤች ላይ ቀዳዳ ሲገኝ «አንድ ብቻ» ተባለ፤ ከ2007ቱ በኋላ ደግሞ «ሁለት ብቻ»፤ አሁንም ሁለት ነው። «እንደተጫነ» የሚለው ገደብ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ተጠቃሚው ራሱ የሚያበራቸው አገልግሎቶች በቆጠራው አይገቡም።

የ2002ቱ ጉዳይ በሰነድ አያያዝም አከራክሯል። ደ ራት የችግሩን ዝርዝር ሳይገልጽ፣ ሁሉም ወደ ኦፕንኤስኤስኤች 3.3 ተሸጋግሮ ሥልጣንን የሚከፋፍለውን አሠራር እንዲያበራ አሳሰበ፤ ዝርዝሩ ከቀናት በኋላ ከ3.4 ጋር ወጣ። ችግሩ ጭራሽ የማይነካቸው አሮጌ ቅጂዎች የነበሯቸው ሲስተሞችም ለመሸጋገር ተጣደፉ፤ ቅሬታቸው ተገቢ ነበር።

ሦስተኛው ክርክር ከዋይፋይ ጋር ይያያዛል። ክራክ የተባለው የደብልዩፒኤ2 (የዋይፋይ ግንኙነት መጠበቂያ ሥርዓት) ድክመት ለሕዝብ የተገለጸው ኦክቶበር 16 ቀን 2017 ነው። በኦፕንቢኤስዲ ኤራታ ግን ማስተካከያው ኦገስት 30 ላይ አሮጌ ቁልፎች ዳግም ሊገቡ ይችላሉ ከሚል አንድ መስመር ጋር ተመዝግቦ ይገኛል። ድክመቱን ያገኘው ተመራማሪ ቀድሞ እንዲወጣ መስማማቱን አልካደም፤ በኋላ ግን ውሳኔው ልክ እንዳልነበር ጽፎ፣ ወደፊት ለፕሮጀክቱ የሚያሳውቀው ይፋ ማድረጊያው ሲቃረብ እንደሚሆን ገለጸ። በፕሮጀክቱ በኩል ያለው መልስ ግልጽ ነው፤ ፈቃድ ተጠይቋል፣ ተሰጥቷል። የተዘጋጀን ፓች ለወራት ደብቆ መያዝም ተጠቃሚን አይጠቅምም።

ማንዋሎች

የዚህ ሲስተም ኩራት ማንዋሎቹ ናቸው። በማንዋል ውስጥ ያለ ስህተት እንደ ኮድ ስህተት ይቆጠራል፤ ኮዱ ሲለወጥ ማንዋሉም አብሮ ይለወጣል። በኢንተርኔት ያለው የማንዋል ማሳያ የእትም ቁጥር ስለሚያስመርጥ፣ አንዱን ገጽ በሁለት እትሞች ከፍቶ በማነጻጸር ምን እንደተጨመረ ማየት ይቻላል። ከገጹ ግርጌ ያለው «ታሪክ» የሚለው ክፍል ደግሞ ነገሩ መጀመሪያ በየትኛው እትም እንደታየ ይናገራል። ፕሮግራም የሚፈቀድለትን ሥራ የሚገድበው የፕሌጅ ሲስተም ኮል 5.9 (2016)፣ የሚያያቸውን ፋይሎች የሚገድበው አንቬይል 6.4 (2018)፣ ስትሪንግ ለመቅዳት የሚያገለግለው ስትርኤልሲፒዋይ 2.4 (1998) ይላል። እትሙ ከታወቀ በኋላ የዚያን እትም ማስታወቂያና ዝርዝር የለውጥ ገጽ መክፈት ነው። አንድ የማህደረ ትውስታ ገጽ በአንድ ጊዜ ሊጻፍበትም ሊኬድም አይችልም የሚለው ጥበቃ በ3.3 (2003) መግባቱ፣ ከርነሉ በየቡቱ በአዲስ ቅደም ተከተል እንዲገጣጠም መደረጉም (6.2፣ 2017) በዚህ መንገድ ይገኛል።

የለውጥ ታሪክ

«ምን» የሚለው በማንዋል ሲገኝ «ለምን» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በኮሚት መልእክት (ለውጡ ሲገባ አብሮ በሚጻፈው ማስታወሻ) ነው። በጁን 2018 የኢንቴል ሃይፐርትሬዲንግ (በአንድ ኮር ሁለት ክሮችን በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ አሠራር) በነባሪ እንዲጠፋ ተደረገ። የማንዋሉ ጽሑፍ ማብሪያና ማጥፊያውን ከማሳየት ብዙም አያልፍም። የኮሚት መልእክቱ ግን አንዱን ኮር የሚጋሩ ክሮች ካሽ ስለሚጋሩ የስፔክተር ዓይነት (በፕሮሰሰር ድክመት መረጃ የሚሰርቁ) ጥቃቶች ሊቀሉ እንደሚችሉ ጠርጥሮ ምክንያቱን ያስረዳል። በኦገስት ኢንቴል ራሱ ኤል1ቲኤፍ የተባለውን ችግር ሲያሳውቅ ጥርጣሬው መሠረት እንደነበረው ታየ።

ፕሮጀክቱ እስካሁን የሚጠቀመው ሲቪኤስ የተባለውን የለውጥ መመዝገቢያ ነው፤ ታሪኩን ለማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል በመክፈትም ቀዳሚ ነበር። ችግሩ ሲቪኤስ የክለሳ ቁጥር የሚሰጠው ለየፋይሉ መሆኑ ነው። ሃያ ፋይል የነካ ለውጥ ሃያ የተለያየ ቁጥር ይኖረዋል። አንድን ለውጥ በሙሉ ለማየት ወደ ጊት (ሌላ የለውጥ መመዝገቢያ) የተገለበጠው፣ ለንባብ ብቻ የሆነው ቅጂ ይቀላል።

ኤራታ የማይሸፍነው

ከ6.1 (2017) ጀምሮ ሲስፓች የተባለው ትእዛዝ የኤራታ ፓቾችን ተገንብተው እንዳለቁ ያወርዳል፤ የተጫኑትንም ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ከኤራታው ገጽ ጋር በቁጥር ስለሚገጥም አንድ ማሽን ምን እንደጎደለው በቀላሉ ይታያል። ይህ የሚሠራው በጥቂት የፕሮሰሰር ዓይነቶች ላይ ነው፤ በሌሎቹ ፓቹን ከሶርስ ኮድ መገንባት ግድ ነው። ኤራታም ሆነ ሲስፓች የሚመለከቱት መሠረታዊውን ሲስተም ብቻ ነው። ብራውዘርን የመሰሉ፣ ከፖርትስ (ከተጨማሪ ፕሮግራሞች ስብስብ) የሚጫኑ ፕሮግራሞች ማስተካከያ በእነዚህ ገጾች አይታይም። የእነሱን ለውጥ የሚያገኙት በፖርትስ ዛፍ የእትሙ ቅርንጫፍ ላይ፣ በፕሮግራሙ ማውጫ ባለው የኮሚት ታሪክ ውስጥ ነው።