ራሱን በራሱ የሚሞላው የኢሜይል አድራሻ ደብተር

በብራውዘር በምንከፍተው ኢሜይል (ዌብሜይል) ውስጥ የሰዎች ስም፣ የኢሜይል አድራሻ፣ ካስፈለገም ስልክ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ አለ። የአድራሻ ደብተር የሚባለው ይሄ ነው፤ አብዛኞቹ አገልግሎቶች ላይ «ኮንታክትስ» ተብሎ ይገኛል። ደብተሩ ያለው የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ እንጂ ኮምፒውተራችሁ ላይ አይደለም። ሆትሜይል እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር የዌብሜይል አንዱ ትልቅ ማባበያ ይሄው ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ደብዳቤውም አድራሻውም አንድ ማሽን ላይ በተጫነ ፕሮግራም ውስጥ ስለነበር፣ ከማሽኑ ሲርቅ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

አዲስ ሰው መመዝገብ ከባድ አይደለም። የደረሳችሁን መልእክት ከፍታችሁ የላኪውን ስም ስትነኩ «ወደ ኮንታክት ጨምር» የሚል ምርጫ ይመጣል፣ አለቀ። ጉዱ ያለው እናንተ ሳታውቁት የሚመዘገበው ላይ ነው።

ብዙዎቹ ዌብሜይሎች ለአዲስ ሰው በጻፋችሁ ቁጥር አድራሻውን ዝም ብለው ይይዙታል። ጂሜይል ከዋናው ዝርዝር ለይቶ «ሌሎች ኮንታክቶች» የሚባል ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ብዙ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ራውንድኪዩብም እንዲሁ የላካችሁላቸውን ሰዎች ለብቻ መሰብሰብ ይችላል። እንግዲህ የተቀባይ ቦታው ላይ ሁለት ሦስት ፊደል ስትነኩ ከስር ተደርድረው የሚመጡት ስሞች እናንተ አስባችሁ ከመዘገባችኋቸው ብቻ አይደሉም፣ ከዚህ ጓዳም ይመጣሉ። ድሮ አንድ ጊዜ ቅሬታ የጻፋችሁለት ድርጅት እዚያ አለ። ሥራ የቀየረ ጓደኛችሁ የድሮ መሥሪያ ቤት አድራሻም አለ። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ አንድ ፊደል ተሳስታችሁ የጻፋችሁት አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው ሳይደርስ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ስህተቱ ተመዝግቦ ይቀርና በሚቀጥለው ጊዜ እንደ ትክክለኛ አድራሻ ይቀርብላችኋል።

ሁለት ሰላሞች አሉ እንበል፤ አንዷ አብራችሁ የምትሠራ፣ ሌላዋ የአክስታችሁ ልጅ። «ሰላ» ብላችሁ ቶሎ ኢንተር ከነካችሁ ከላይ የተቀመጠችው ትገባለች፣ ማን መሆኗን ማየት የእናንተ ፋንታ ነው። ስሙን ሳይሆን ከኤት (@) ምልክቱ በኋላ ያለውን ማየት ነው የሚያዋጣው። ስም ይመሳሰላል፣ የመሥሪያ ቤት አድራሻና የግል አድራሻ ግን እዚያ ጋ ይለያያሉ።

ማጽዳት ይቻላል። ጂሜይል ላይ ወደ «ሌሎች ኮንታክቶች» ገብቶ የማይረባውን መሰረዝ ነው፤ ከነጭራሹ እንዳይሰበስብ ከፈለጋችሁም ሴቲንግ ውስጥ «ራሴ እጨምራለሁ» የሚለውን መምረጥ ነው። ከዋናው ዝርዝር በስህተት የሰረዛችሁት ለ30 ቀን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስለሚቆይ አትደንግጡ። ተመሳሳይ መዝገቦችን አንድ ላድርጋቸው ብሎ ሲጠይቃችሁ ግን አይታችሁ ፍቀዱ፣ ሞክሼ ሰዎችን አንድ ሰው አድርጎ ቁጭ ሊል ይችላል።

ለብዙ ሰው በተደጋጋሚ የሚጽፍ ሰው ግሩፕ ይሠራል፤ ጂሜይል ይህን ሌብል ይለዋል። የግሩፑን ስም ስትጽፉ ወደ እያንዳንዱ አባል አድራሻ ይተረተራል። ተቀባይ ወይም ሲሲ (ቅጂ የሚላክላቸው ሰዎች ቦታ) ላይ ካስገባችሁት ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያል፣ አንዱ «ለሁሉም መልስ» ሲል ደግሞ የሁሉም ሳጥን ይጥለቀለቃል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ከሆኑ ቢሲሲ ላይ፣ ማለትም ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት የስውር ቅጂ ቦታ ላይ፣ ማድረግ ግድ ነው፤ ይሄ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይመስለኝም፣ የሰው አድራሻ ያለፈቃዱ መበተን ነው።

የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስም ስትፈልጉ የሚመጣው የሠራተኛ ዝርዝር የእናንተ ደብተር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ኤልዳፕ በሚባል አሠራር ከድርጅቱ ማውጫ እዚያው በዚያው የሚጠየቅ ነው። ስለዚህ ሥራ ስትለቁ ደብተራችሁን ገልብጣችሁ ብትወጡ እነዚያ ስሞች አብረው ላይወጡ ይችላሉ።

መገልበጡ በሁለት ዓይነት ፋይል ነው። ሲኤስቪ ሰንጠረዥ ነው፣ ኤክሴል ይከፍተዋል። ችግሩ ኤክሴል አንዳንዴ የስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለችውን ዜሮ ይበላታል፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ካልተቀመጠም በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ቪካርድ ነው። በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ብትከፍቱት ስም በአንድ መስመር፣ ኢሜይል በሌላ መስመር እያለ የሚወርድ ጽሑፍ ታያላችሁ። ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ወይም ወደ ስልክ ለመሻገር እኔ የምመርጠው ይሄን ነው። ቋሚ ግንኙነት ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 መደበኛ ደረጃ የወጣለት ካርድዳቭ የሚባል የማገናኛ አሠራር አለ፤ ስልኩና ዌብሜይሉ አንድ ደብተር ይጋራሉ ማለት ነው። ታዲያ ከስልክ ላይ የተሰረዘው ከዌብሜይሉም ይጠፋል።

ደብተሩን ሌቦችም ይወዱታል። እ.ኤ.አ. በ2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው አውትሉክ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም ደብተር ውስጥ ላገኘው ሁሉ ራሱን እየላከ ነው። ያ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው አውትሉክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ያማነር የተባለው ትል (ራሱን እያባዛ የሚሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) በቀጥታ ያሁ ሜይልን መታ፤ ደብዳቤውን መክፈት ብቻ በቂ ነበር፣ ከተጠቂው ዝርዝር ውስጥ ለያሁ ተጠቃሚዎች ራሱን ይልክ ነበር። ዛሬም አካውንት የሰረቀ ሰው ገንዘብ ላኩልኝ የሚል ደብዳቤ የሚበትነው ለደብተሩ ሰዎች ነው፣ የሚያውቁት ስም ስለሆነ ያምናሉ። በዚያ ላይ አንዳንድ ዌብሜይል ደብተር ውስጥ ያለን ላኪ እንደ ታማኝ ቆጥሮ ከውጭ የሚመጡ ምስሎችን ሳይጠይቅ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። የመጣውን ሁሉ መመዝገብ ጥሩ የማይሆነው አንድም ለዚህ ነው። አካውንታችሁ ተሰርቆ ከመለሳችሁትም ፓስዎርድ ቀይራችሁ ብቻ አትቀመጡ፤ ሌባው የጨመረው አድራሻ ወይም የቀየረው ኢሜይል እንዳለ ደብተሩን እዩ።