ጠጅ ቤት፦ የቤተሰብ ሙያና የብርሌ ወግ

ጠጅ ቤት የማር ጠጅ እዚያው ተጥሎ እዚያው የሚሸጥበት፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቤተሰብ የሚተዳደር መጠጥ ቤት ነው። ጓዳውና ሳሎኑ በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለያዩ በመሆናቸው ጠጁን የጣለችው ባለሙያ፣ ሒሳብ የሚቀበለው ልጇና ብርሌ የሚያድለው ዘመዷ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ብዙው ቤት ሰሌዳ የለውም፤ ደንበኛ «እትዬ እከሌ ቤት» ብሎ ይቀጣጠራል። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ወይም ወደ ምራት የሚተላለፈው በዓይንና በእጅ ስለሆነ በጽሑፍ የሰፈረው ጥቂት ነው።

የጠጅ መሠረቱ ማር፣ ውኃና ጌሾ ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ጠንከር ያለ የሚፈልግ ውኃውን ይቀንሳል፣ ለገበያ የሚጥል ይጨምራል። ጋኑ አስቀድሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ የጥሩ ጠጅ ጠረን ግማሹ የሚመጣው ከዚህ ጭስ ነው። ያልተነጠረ ማር ከተጣለ ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ እሱ ተገፍፎ ከወጣ በኋላ ጌሾው ከብጥብጡ በተቀነሰ ጥቂት ፈሳሽ ተቀቅሎ ይመለስበታል። ለጠላ ቅጠሉም እንጨቱም ሲያገለግል ለጠጅ የሚመረጠው እንጨቱ ነው። ጌሾ የሌለው ብጥብጥ ብርዝ ይባላል እንጂ ጠጅ አይባልም፤ ይህ አከራካሪ ነገር አይደለም። በቆላ አምስት ቀን ያህል፣ በደጋ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ይፈላና በጨርቅ ይጠለላል። የአልኮል መጠኑ በአመዛኙ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው።

መጠጡ ጥንታዊ መሆኑን በግእዝ «ሜስ» የሚል የራሱ ስም ያለው መሆኑ ይመሰክራል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከማር ስለሚሠራው ወይን ጽፏል። የጎንደር ነገሥታትም ግብር ያበሉበት ጠጅ ነበር።

ብዙ የተጻፈለት ግን የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ማር ከየአውራጃው በጉንዶ እየተለካ በግብርነት ወደ ግቢ ይገባ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1887 እ.ኤ.አ. ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱት ድግስ እስከ ዛሬ የሚወራለት ሲሆን፣ የእቴጌይቱ የድግስ ሙያ ከፖለቲካ ብልሃታቸው ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። በቤተ መንግሥቱ የግብር አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንቱ ጋር ከመጋረጃ ኋላ ይመገቡና መጋረጃው ሲገለጥ ሌላው ሹምና ወታደር በየማዕረጉ ይገባል፤ ሥጋው ከተቆረጠ በኋላ ጠጁ በቀንድ ዋንጫና በብርሌ ይዞራል። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፤ ይህም መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነበር። ጠጅ መጣል ለቤተ መንግሥትና ለመኳንንት ብቻ የተፈቀደ እንደነበር ይነገራል፤ ክልከላው በየቦታው ምን ያህል ይከበር እንደነበር ግን አንድ ወጥ መልስ ሊሰጥ የሚችል አይመስልም። አዲስ አበባ ስትሰፋ የግቢው ሙያ ወደ ከተማው ወጥቶ ጠጅ ቤቶች ተበራከቱ። ከዚያ ወዲህ በመጡት መንግሥታት ሁሉ ጠጅ ቤት ሥራውን አላቋረጠም።

ጠጅ ቤት ለመጎብኘት ከሰዓት በኋላ ይመረጣል። እንግዳ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አስተናጋጁ «ለስላሳ ነው፣ መካከለኛ ነው፣ ደረቅ?» ብሎ ይጠይቃል። ለስላሳው ገና ብዙ ያልፈላና ጣፋጭ ነው፤ ደረቁ ማሩ ተበልቶ ያለቀ፣ ኃይሉ በጉሮሮ ሳይሆን ከወንበር ሲነሡ የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ከለስላሳው ጀምሮ ወደ ደረቁ መሄድ ይበጃል፤ መንገድ ያለበትና ልጅ በብርዝ ይበቃዋል። ብርሌው አንገቱ በሦስት ጣት ተይዞ ወደ ብርሃን ከፍ ሲል ንጹሕ የማር ጠጅ ቢጫና ጥቂት ደፍረስ ያለ ሆኖ ይታያል፤ መጀመሪያ የወይራው ጭስ፣ ቀጥሎ ማሩ፣ ከዋጡት በኋላ የጌሾው ምሬት ይመጣል። ምሬቱ ጨርሶ ከሌለና ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ስኳር ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። የማር ዋጋ በመናሩ ስኳር የሚቀላቅሉ ቤቶች መኖራቸው አይካድም፤ ንጹሕ ማር ብቻ የሚጥሉ ቤተሰቦችም ግን አሁንም አሉ፤ ከነሱም ዘንድ ጓዳውን ማየት ለጠየቀ እንግዳ በሩ ይከፈታል። ሲያዩም ጋኑ ቀርቶ በርሜል ቢያገኙ አያስደንቅም። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው ብርሌው ግን አልተለወጠም፤ በመስታወት ብርጭቆ የቀረበ ጠጅ ለብዙ ጠጪ ግማሽ ጠጅ ነው።

በላሊበላ ጠጅ ቤት ከአዝማሪና ከማሲንቆ ጋር ተያይዞ የጎብኚ መዳረሻ ሆኗል። የጎጃም ጠጅ በአደይ አበባ ወቅት በሚቆረጠው ማር ይመሰገናል፤ የላስታ ሰው በነጭ ማሩ ይከራከራል። በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ለበዓል በየቤታቸው ይጥላሉ፤ ጋኑ በፕላስቲክና በጠርሙስ ዕቃ ተተክቷል፣ አፓርታማ ውስጥ ጭስ ስለማይቻል ማጠኑም ይቀራል፤ ማሩ ከዚያው ከሱቅ ይገዛል፤ ጌሾው ግን ደርቆ ከአገር ቤት ይሄዳል።