ኃላፊነት ያለው የኤአይ አጠቃቀም በውቅያኖስ ትንበያ ምንድን ነው? እኛንስ ምን አገባን?

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ ስለ ፓስፊክ ውቅያኖስ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ግን ዝናባችን የባሕር ነገር ነው። የመንዝ የበልግ ገብስ የሚጠብቀው እርጥበት በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በኩል ይመጣል። ፓስፊክ ደግሞ ምድር ወገብ አካባቢ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ማለትም ኤል ኒኞ ሲከሰት፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በብዙ ቦታ መጀመሪያ በልጉ ከሸፈ፣ ቀጥሎ ክረምቱ ሰነፈ። በአገር ደረጃ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

ስለዚህ «ባሕሩ ወደፊት ምን ይሆናል?» የሚለውን ማን እንደሚመልስልን ማወቅ አለብን። መላሹ አሁን እየተለወጠ ነው። እስካሁን የፊዚክስ ቀመሮችን በሱፐርኮምፒውተር እያሰሉ ነበር የሚተነብዩት። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በአፋችን ኤአይ፣ ያለፉትን ዓመታት መረጃ አጥንቶ ቀጣዩን ይገምታል። ኃላፊነት ያለው አጠቃቀም የሚሉት ይህን መሣሪያ ዓይንን ገልጦ መጠቀምን ነው። ከምን ተማረ? የት ላይ ይሳሳታል? ሲሳሳትስ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ሳይመለሱ ትንበያው ሕዝብ ዘንድ መድረስ የለበትም።

ባሕሩ እንዴት እንደሚለካ ባጭሩ ልንገራችሁ። አርጎ የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም አለ። ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየውቅያኖሱ ተበትነዋል። እያንዳንዱ በ10 ቀን አንዴ እስከ 2,000 ሜትር ጠልቆ፣ ሙቀቱንና ጨዋማነቱን እየለካ ይወጣና ውጤቱን በሳተላይት ይልካል። መረጃው ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ከዚህ ሌላ ሳተላይቶች፣ መርከቦችና በመልሕቅ የታሰሩ መለኪያዎች አሉ።

ኤአይ እዚህ ላይ የሚሠራው ሁለት ዋና ሥራ ነው። አንደኛው የተበላሸውን ልኬት ከደህናው መለየት ነው። ሁለተኛው ራሱ ትንበያው ነው።

ብዙ ሰው ስለ ሁለተኛው ነው የሚያወራው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱም አንድ የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የተባለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ላይ የረጨው ብናኝ ሳተላይቶቹን አሳሳተ፤ ባሕሩ ከእውነተኛው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ታያቸው። በዚያው ዓመት ፓስፊክ ላይ የነበሩ መርከቦች ውሃው በጣም መሞቁን ለክተው ላኩ። መረጃ አጣሪው የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን ልኬቱ ከተለመደው ስለራቀበት ስህተት ነው ብሎ ጣለው። እንዲህ ተደርጎ እስከዚያን ጊዜ ከታዩት ሁሉ ከኃይለኞቹ የሚመደብ ኤል ኒኞ ሳይንቲስቶቹ አፍንጫ ሥር አደገ። ያወቁት ዘግይተው ነው።

ያ ፕሮግራም ኤአይ አልነበረም። ችግሩ ግን ያው ነው። የተለመደውን ብቻ የተማረ ማሽን ያልተለመደውን ሁሉ ብልሽት ነው ይላል። ለኛ ደግሞ ጉዳት የሚያመጣው ያ ያልተለመደው ነው! በሌላ በኩል መሣሪያዎቹ እውነትም ይበላሻሉ፤ የአርጎ የጨው መለኪያዎች ከጊዜ በኋላ ልክ ማዛባታቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ አርጎ የሚከተለው አሠራር ደስ ይላል። አጠራጣሪው ልኬት አይሰረዝም። ምልክት ይደረግበትና ይቀመጣል፤ በኋላ ባለሙያ ተመልሶ ያየዋል። ኤአይ ሲገባም ይህ መቅረት የለበትም።

ወደ ትንበያው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 በደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች የተመራ አንድ ቡድን ኤል ኒኞን እስከ አንድ ዓመት ተኩል አስቀድሞ የሚገምት የኤአይ ሞዴል አሳተመ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሳተላይት ባሕሩን በደንብ ማየት ከጀመረ ወዲህ በጣም ኃይለኛ የተባሉት ኤል ኒኞዎች ሦስት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በ1997 እና በ2015 የጀመሩት። በሦስት ምሳሌ ምን ይማሩበታል? ተመራማሪዎቹ ሞዴሉን መጀመሪያ በኮምፒውተር በተሠሩ የአየር ንብረት ስሌቶች አስተማሩት፣ ከዚያ በእውነተኛው ታሪክ አረሙት፣ በመጨረሻም ባልተማረባቸው ዓመታት ፈተኑት። ይህ የመጨረሻው እርምጃ የግድ ነው። ባጠናው ዓመት ላይ ብቻ የሚመጻደቅ ሞዴል አያስፈልገንም። ባሕሩም ከዓመት ዓመት እየሞቀ ስለሆነ የትናንቱ ፈተና ለነገ ላይበቃ ይችላል።

ሌላም አለ። ያ ሞዴል የሚተነብየው የፓስፊክን ሙቀት ነው። በኛው በኩል ስላለችው ግሼ ዝናብ የተናገረው አንድም ነገር የለም። በቴሌግራም «ኤአይ እንደተነበየው ዘንድሮ ድርቅ ነው» የሚል ነገር ሲመጣ መሀል ላይ ስንት እርምጃ እንደተዘለለ አስቡት።

አንዳንዱ ደግሞ ኤአይ ከመጣ የድሮው ዘዴ ይቅር ይላል። አልስማማም። የጎግል ዲፕማይንድ ግራፍካስት የተባለው የኤአይ ሞዴል የ10 ቀን የአየር ትንበያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሠራል። የተማረው ግን በፊዚክስ ሞዴልና በልኬት ተቀናጅቶ ከተዘጋጀ፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ካለው መረጃ ነው። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከልም የራሱን የኤአይ ሞዴል በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ሲያውል የፊዚክሱን ሞዴል አልዘጋም፤ ጎን ለጎን ነው የሚያስኬዳቸው።

ልኬቱ ከተቋረጠስ? ይህ ደርሷል። ከ1982ቱ ጉድ በኋላ ፓስፊክ ላይ የተተከሉት የመልሕቅ መለኪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የጥገና መርከብ ስለቀረባቸው የሚልኩት መረጃ ወደ 40 በመቶ ግድም ወረደ። በኛው በኩል ባለው የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ደግሞ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ለዓመታት መሣሪያ ማስቀመጥን አስቸጋሪ አድርገውት ነበር። ኤአይ ክፍተቱን በግምት ሞልቶ የሚያምር ካርታ ይሰጣችኋል። ኃላፊነት ያለው ሰው ካርታው ላይ የቱ የተለካ፣ የቱ የተገመተ እንደሆነ ያሳያል።

ትንበያው እኛ ዘንድ ሲደርስም ድፍን ያለ ፍርድ መሆን የለበትም። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የወቅት ትንበያ ሲያወጡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብለው ለእያንዳንዱ የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይሰጣሉ። ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ሲባል «አይዘንብም» ማለት አይደለም። መቶኛዋ መንገድ ላይ ከጠፋች ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር ልጠቀም ወይስ አልጠቀም የሚለውን በምን ይመዝን?

በኛ በኩል ደግሞ ገደሉ አለ። ጣርማ በር ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ደጋውና ቆላው ሁለት አገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙ ሳይርቅ። ለወቅት ትንበያ የሚያገለግል የዓለም ሞዴል ምድርን በትልልቅ አራት ማዕዘን ከፋፍሎ ስለሚያሰላ ሁለቱን ባንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ሊከታቸው ይችላል። የደጋው ገብስና የቆላው ማሾ አንድ ዓይነት ዝናብ ይደርሳቸዋል እንደማለት ነው። ይህን የሚያርመው የየአካባቢው የዝናብ መለኪያና በየጠዋቱ እሱን አንብቦ የሚመዘግበው ሰው ነው። ለኤአይ የሚወጣው ገንዘብ ከዚያ ሰው ደመወዝ ላይ የሚቀነስ ከሆነ፣ ሞዴሉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ስለ መንዝ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።