ዲሌይ በጎጃም ዘፈን ቅንብር፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ዲሌይ በሙዚቃ ቀረጻ ውስጥ አንድን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ አቆይቶ የሚደግም መሣሪያ ነው። ከአጠቃቀሞቹ ሁለቱ እዚህ ይዳሰሳሉ። አንደኛው የድግግሞሹን ጊዜ ከዘፈኑ ቴምፖ (ፍጥነት) ጋር የሚያስተሳስረው ነው። ሁለተኛው መልቲ ታፕ ይባላል፤ ከአንድ ድምፅ በርካታ ድግግሞሾችን አውጥቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ጊዜ፣ ጉልበትና አቅጣጫ ይሰጣል። በውጭ የተዘጋጁ መመሪያዎች በአብዛኛው ለአራት ምት ሙዚቃ የታሰቡ በመሆናቸው የጎጃምን ጭፈራ የሚያቀናብር ሰው ስሌቱን ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

የመሣሪያው አመጣጥ

ዲሌይ በመጀመሪያ የሚሠራው በማግኔት ቴፕ ነበር። አንዱ የቴፕ ራስ ድምፁን ይቀዳል፣ ከእሱ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሌላው ራስ ትንሽ ቆይቶ ያነበዋል። የጣሊያኑ ቢንሰን ኤኮሬክ በቴፕ ፋንታ በሚሽከረከር ማግኔታዊ አካል ዙሪያ በርካታ ማንበቢያ ራሶች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የሮላንድ አርኢ-201 ደግሞ ሦስት ነበሩት። የዛሬው መልቲ ታፕ የእነዚህ ራሶች ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኘው የጋራ ቋንቋ) ሲመጣ መሣሪያዎች አንዱን ሩብ ኖታ በ24 የሚከፍል የጋራ ሰዓት አገኙ። 24 ለአራትም ለሦስትም ይካፈላል፤ ቁጥሩን የመረጡት ሰዎች ጎጃምን አስበው ባይሆንም ለጎጃም ምት እጅግ ተስማሚ ሆኗል።

በጎጃም በኩል የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን በደርግ ዘመን የአካባቢውን ዘፈን በመድረክ አስተዋውቋል፤ ከካሴቱ ዘመን በኋላ ቀረጻው ወደ ኮምፒውተር ገባ።

ስሌቱ

የጎጃም እስክስታ በአብዛኛው 6/8 ነው፤ ሙዚቀኞች ችክችካ ይሉታል። ጭብጨባው የሚያርፍበት ዋና ምት በሦስት እኩል ይከፈላል። ችክችካን ጎንደርም ወሎም ሸዋም ስለሚጋሩት የጎጃም ብቻ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ወደ ትከሻ ሲመጣ ግን የጎጃሙን የሚያህል የለም።

60,000 ለቴምፖው ሲካፈል የአንድ ምት ርዝመት በሚሊሰከንድ ይገኛል። በደቂቃ 100 ዋና ምት ላለው ጭፈራ ውጤቱ 600 ነው፤ ሲሦው 200፣ ሁለት ሲሦው 400። ድግግሞሹ በእነዚህ ላይ ሲያርፍ ከጭብጨባው ጋር ይገጥማል። በሶፍትዌሮች ውስጥ ተዘጋጅተው የሚመጡት ምርጫዎች ግን ብዙ ጊዜ የምቱን ግማሽ (300) ወይም ሦስት አራተኛውን (450) ይሰጣሉ። ሁለቱም በሲሦዎቹ መካከል ስለሚወድቁ ከበሮው የተሰናከለ ያስመስሉታል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ብዙ ሶፍትዌሮች 6/8 ቢመረጥም ቴምፖውን የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። ስለዚህ 100 ዋና ምት ለማግኘት 150 ተብሎ ይሞላል፤ ያኔ ስምንተኛ ኖታ 200፣ ሩብ ኖታ 400፣ ነጥብ ያለው ሩብ ኖታ 600 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሥራው በ4/4 ከተከፈተ ደግሞ ቴምፖው 100 ሆኖ ይቀመጥና ዲሌዩ ምቱን በሦስት እኩል ወደሚከፍለው ምርጫ፣ ወደ ትሪፕሌት፣ ይዞራል።

መሲንቆ ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ሲቀዳ ጭፈራው በሞቀ ቁጥር ይፈጥናል። ከ100 ወደ 103 ከፍ ቢል ምቱ ወደ 582.5 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ በ600 የተቆለፈ ዲሌይም በአራተኛው ድግግሞሽ ላይ 70 ሚሊሰከንድ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ቀረጻውን ተከትሎ ፍጥነቱ የት እንደተቀየረ የሚያሳይ የቴምፖ ካርታ መሥራት ይሻላል። አዝማሪን በሜትሮኖም አስሮ ሙቀቱን መግደል ለሶፍትዌር ሲባል ዘፈንን መሠዋት ነው።

ቀረርቶ፣ ፉከራና የእረኛ ዋሽንት ቋሚ ምት ስለሌላቸው ከቴምፖ ጋር አይተሳሰሩም፤ ጊዜው በቀጥታ በሚሊሰከንድ ይሞላል። ለዚህ ከዓባይ ሸለቆ የተሻለ አስተማሪ የለም። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ 100 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል የሚመለስ ጥሪ 590 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ሲመለስም ቀጭኑ ድምፅ ተቀንሶለት ነው። ስቱዲዮ ውስጥም አንድ ወይም ሁለት ደብዘዝ ያሉ ድግግሞሾች ይበቃሉ።

መልቲ ታፕና የባህል መሣሪያዎች

ለመልቲ ታፕ ክራርን የሚስተካከል የለም፤ አመታቱ ስለታም ስለሆነ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ተለይቶ ይሰማል። አንዱን ታፕ (ድግግሞሽ) በ200 ወደ ግራ፣ ሌላውን በ600 ወደ ቀኝ አድርጎ 400ውን ባዶ መተው ምቱን ሳያጨናንቅ ያንቀሳቅሰዋል። ሎጂክ በተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ዲሌይ ዲዛይነር እስከ 26 ታፕ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ክራር ሃያ ስድስት መጠቀም ግን እብደት ነው። የመሲንቆ ድምፅ በቀስት ስለሚሳብ ድግግሞሹ ከራሱ ጋር ይቀላቀልና ወፍራም ጥላ ብቻ ይሆናል። ከበሮ ላይ ዲሌይ ሲደረግ ወፍራሙ ድምፅ በፊልተር ካልተቆረጠ ቅንብሩ ይደፈርሳል።

ድምፃዊ ላይ ጥንቃቄው ይበረታል። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮች ይቀበላሉ፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ የሚለቀቅ ድግግሞሽ ከተቀባዮቹ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ዲሌዩ ተቀባይ በሌለበት ክፍተት ይከፈታል፣ ወይም ተቀባዮቹ በሚዘፍኑበት ጊዜ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ ይደረጋል። ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ሰው ዘፈን የሚሰማው ሰሙን ከወርቁ እየለየ ነው። ፊድባኩ (ድግግሞሹ ተመልሶ የሚደገምበት መጠን) የበዛ ዲሌይ አንዲት ፊደል ከጠበቀች ወይም ከላላች የሚፈታውን ኅብረ ቃል ይሸፍነዋል።

ከቻግኒ እስከ ደብ

የጎጃም ድምፅና ዲሌይ በሰፊው የተገናኙበት ምሳሌ የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ሥራ ነው። በቀድሞው ጎጃም ክፍለ ሀገር በቻግኒ የተወለደችው ድምፃዊት በስሟ የተሰየመውን አልበም እ.ኤ.አ. በ2001 በፓልም ፒክቸርስ አሳትማለች። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ሲሆን እንደ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ያሉ ታላላቅ የጃዝ ሙዚቀኞች ተሳትፈውበታል። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ2003 ያንኑ አልበም በደብ ስልት እንደገና ሠርቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ርዕስ አወጣው። ደብ ከጃማይካ የመጣ ስልት ነው፤ ዘፈኑ ይበተናል፣ ቤዝና ከበሮ ይቀራሉ፣ የድምፃዊው ቁርጥራጭ በዲሌይ እየተደጋገመ ይመላለሳል። ግጥሙ ተቆራርጧል ብሎ ቅር የሚሰኝ ሊኖር ይችላል፤ እውነትም ተቆራርጧል። ይሁን እንጂ የጎጃም ዜማ ከቃሉ ተለይቶም ራሱን ችሎ እንደሚቆም ከዚህ በላይ ያሳየ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል።

የማዳመጫው ጉዳይ

ዘፈን በብዛት የሚደመጠው በስልክና በባጃጅ ድምፅ ማጉያ ነው። ግራና ቀኝ የተበተኑ ታፖች ወደ አንድ ድምፅ ማጉያ ሲጨመቁ አቅጣጫቸው ይጠፋና ድምፃዊው ላይ ይቆለላሉ። ስለዚህ ሚክሱ ከመጠናቀቁ በፊት በሞኖ ይፈተሻል፤ ቃሉ ከተሸፈነ መጀመሪያ የሚቀነሰው የታፖቹ ጉልበት ነው፣ ቀጥሎም ፊድባኩ።