ከርቀት የሚሠሩ ሠራተኞች የእርስ በርስ መማማር

የእርስ በርስ መማማር ሠራተኛ ሙያውን ከአሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን ባልደረባውን እያየ፣ እየጠየቀና አብሮ እየሠራ የሚቀስምበት መንገድ ነው። ቢሮ ውስጥ ማንም ሳያቅደው ይከናወናል። አዲስ የተቀጠረች የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ነባሯ ባልደረባዋ የተቆጣ ደንበኛን በስልክ ስታበርድ ትሰማለች፤ ግራ የገባት ነገር ሲኖር ወንበሯን ዘወር አድርጋ «ይሄን እንዴት ነው የምታደርጊው?» ትላለች፤ ግማሽ ደቂቃ ይበቃታል። ከቤት ስትሠራ ያው ጥያቄ መጻፍ፣ መላክና መልስ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ ይቀራል። የኦንላይን ሥልጠና ስላይዱን፣ ቪዲዮውንና ፈተናውን ያለብዙ ችግር ሠራተኛው ቤት ድረስ አድርሷል። ያላደረሰው ይህን የግማሽ ደቂቃ ጥያቄ ነው። ከተሳካላቸው ተቋማት ታሪክ እንደሚታየው ደግሞ ጥያቄው የሚመለሰው ተጨማሪ ኮርስ በመስጠት ሳይሆን እውነተኛ የሥራ ችግርን መሐል ላይ አስቀምጦ በመነጋገር ነው።

በሥነ ልቦናው ዘርፍ ከሐሳቡ ጋር አብሮ የሚነሳው ስም አልበርት ባንዱራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባካሄደው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው በአየር የተሞላ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ማንም ሳያዛቸውና ሳይሸልማቸው ያዩትን ደገሙ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ለሥራ ቦታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ጂን ሌቭ እና ኤቲየን ዌንገር በ1991 ያሳተሙት ጥናት ነው። በላይቤሪያ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ለማጅ የሚጀምረው ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመዘምዘም ነው፤ ወደ ስፌት ያልፋል፤ ጨርቅ መቁረጥ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ግን አዋቂዎቹ ሲቆርጡ ያያል። በዚያው ጥናት ተቃራኒ ምሳሌ ሆነው የቀረቡት የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ሥጋ ቆራጮች ናቸው። እዚያ ለማጆቹ ሥጋ መጠቅለያው ማሽን ዘንድ ተመድበው፣ ነባሮቹ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ደግሞ ከዓይናቸው ውጭ ነበር። ሙያው በአንድ ሕንፃ ውስጥ እየተሠራ ለማጁ ሳያየው ይውላል። ከርቀት የሚሠራ አዲስ ተቀጣሪም ያለው እዚያ ማሽን አጠገብ ነው፤ የሚደርሰው የተጠቀለለው እንጂ ሲቆረጥ አይደለም።

ችግሩም ሆነ መፍትሔው ከኢንተርኔት ይቀድማል። የዜሮክስ ኩባንያ የፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኞች ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ከደንበኛ ደንበኛ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። በ1980ዎቹ አብሯቸው የዋለው አንትሮፖሎጂስት ጁሊያን ኦር እንዳየው፣ የኩባንያው መመሪያ የማይፈታውን ብልሽት የሚፈቱት ቁርስና ምሳ ላይ ተሰብስበው አንዱ ለሌላው የገጠመውን ሲተርክ ነበር። ከላይ ለሚያይ አለቃ ይህ የሥራ ሰዓት ማባከን ነው። ኩባንያው ግን ወሬውን ከመከልከል ይልቅ ለጠጋኞቹ የእጅ ራዲዮ አደላቸው፤ አንዱ የተቸገረበትን ሲናገር ሌላው ከከተማው ማዶ ሆኖ ይመልሳል፣ አዲሱም ዝም ብሎ ያዳምጣል። በ1990ዎቹ ዩሬካ የተባለ የመረጃ ቋት ተከተለ፤ ጠጋኙ ያገኘውን ዘዴ ይጽፋል፣ የሙያ ባልደረቦቹ ይመረምሩታል፣ ካለፈ በጸሐፊው ስም ይወጣል። ገንዘብ ይከፈልበት የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጠጋኞቹ አልፈለጉትም፤ ስማቸው ከዘዴው ጋር መውጣቱ በቂያቸው ነበር።

ወረርሽኙ በ2020 ሚሊዮኖችን ወደ ቤት ሲልክ የጠፋውን ነገር መለካት ተቻለ። የማይክሮሶፍትን 61,182 የአሜሪካ ሠራተኞች የግንኙነት መረጃ ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ሠራተኞች ከሌላ ቡድን ሰዎች ጋር የሚያሳልፉት የሥራ ጊዜ ድርሻ በሩብ ያህል መቀነሱን አገኙ። ሰው ከሚያውቃቸው ጋር ይበልጥ ተጣበቀ፤ ከማያውቃቸው ራቀ። ሌላ ጥናት የአንድ ትልቅ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶችን ተመልክቶ፣ ጎን ለጎን የሚቀመጡት በሚጽፉት ኮድ ላይ ከባልደረባ የበለጠ አስተያየት እንደሚያገኙ፣ የሚጠቀሙትም በተለይ ጀማሪዎቹ እንደሆኑ አሳይቷል። የዚያው ጥናት ሌላ ግኝት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ ለጀማሪዎቹ ቅርብ የሆኑት ነባር መሐንዲሶች ራሳቸው የሚጽፉት ኮድ ይቀንሳል። ማስተማር ጊዜ ይበላል። የነባሩን ሥራ በተጠናቀቀ ተግባር ብዛት ብቻ የሚመዝን ድርጅት «ለምን ልምዱን አያካፍልም?» ብሎ ማማረር አይገባውም።

ርቀት ላይ ሆኖ ሙያ በመማማር ረገድ በደንብ ከተመዘኑት አንዱ ከቢሮ ሠራተኛ ዓለም ውጭ ነው፤ በሐኪሞች ዘንድ። ሳንጂቭ አሮራ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ አልበከርኪ ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጉበት ሐኪም ነበሩ። የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን እሳቸው ዘንድ ለመቅረብ 8 ወር ገደማ ይጠብቁ ነበር፤ አንዳንዱ እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አሮራ በ2003 ፕሮጀክት ኤኮን ሲጀምሩ ሕሙማኑን በቪዲዮ አላከሙም። በየገጠሩ ያሉትን ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ እየሰበሰቡ፣ እነሱ ራሳቸው እንዲያክሙ አበቋቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ሐኪም የታካሚውን ስም ሳይጠራ ዕድሜውን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱንና የሚወስደውን መድኃኒት ያቀርባል። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕክምና ከባድ ነው፤ ሪባቫይሪን ደም ማነስ ያመጣል፣ ኢንተርፌሮን ድብርት ያስከትላል። መጠኑ ይቀነስ ወይስ ይቋረጥ? መጀመሪያ የሚናገሩት ሌሎቹ የገጠር ሐኪሞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያው ነገር ባለፈው ወር የገጠመው አይጠፋም። የጉበት፣ የአእምሮና የመድኃኒት ባለሙያዎች ይጨምሩበታል፣ አጭር ገለጻ ይከተላል። ጉዳዩ የአንድ ሰው ነው፤ የሚማረው ግን መስመር ላይ ያለው ሁሉ ነው። በ2011 በወጣው ጥናት 407 ሕሙማን ተነጻጽረዋል። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በኤኮ ጣቢያዎች (ማረሚያ ቤቶችንም ይጨምራል) ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጹ። ሕሙማኑ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ውጤቱን ከመጠን በላይ መለጠጥ አያስፈልግም፤ ያም ሆኖ የገጠሩ ሐኪም ከስፔሻሊስቱ ክሊኒክ አለማነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የተለመደው የድርጅት ኦንላይን ሥልጠና ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጎላል። ከቪዲዮው ሥር «ሐሳብዎን ያካፍሉ፤ ለሁለት ባልደረቦችዎም ምላሽ ይስጡ» የሚል ግዴታ ይኖራል፤ ሠራተኛውም «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እስማማለሁ» ብሎ ጽፎ ነጥቡን ይወስዳል። እንዲህ ያለው ተሳትፎ ሲቆጠር ያምራል፣ የተማረበት ግን የለም። የኤኮ ሐኪም ጥያቄውን ያመጣው በማግስቱ የሚያየው ታካሚ ስላለ ነው፤ የኮርሱ ተሳታፊ የሚጽፈው ሰርተፍኬቱ እንዳይቀርበት ነው።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ስህተትን ሰው ፊት ማውጣት ነው። ቢሮ የሌለው የሶፍትዌር ኩባንያ ጊትላብ ጥር 2017 መጨረሻ ላይ የገጠመው ነገር እዚህ ይጠቀሳል። አንድ መሐንዲስ ሌሊት ችግር ሲያስተካክል የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ ዋናውን ዳታቤዝ ማጥፋት ጀመረ፤ ሲባንን አብዛኛው ሄዷል። ከ5ቱ የመጠባበቂያ ዘዴዎች አንዱም በአግባቡ የሚሠራ አልሆነም። የዳነው ያው መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ከ6 ሰዓት በፊት የወሰደው ቅጂ ስለነበረ ነው። ኩባንያው የማገገሙን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ፣ የሥራ ማስታወሻውን ለሁሉም ከፈተ፣ በኋላም ዝርዝር ዘገባ አወጣ፤ በዘገባው መሐንዲሱ በስም አልተጠራም። እያንዳንዷ ትእዛዝ ተራ በተራ ተጽፋለች፤ ይህን የሚያነብ ጀማሪ ከየትኛውም የደኅንነት ኮርስ የበለጠ ይዞ ይሄዳል።

ከዕለታዊ ዘዴዎች መካከል ሁለት ሰዎች ስክሪን ተጋርተው አብረው መሥራታቸው፣ የኮድ ወይም የሰነድ ምርመራ፣ ለአዲስ ተቀጣሪ አንድ ነባር ሰው መመደብና ትንንሽ የጥናት ቡድኖች ይገኛሉ። የሥጋ ቆራጩን ጠረጴዛ መልሶ የሚያሳየው ስክሪን መጋራት ነው፤ የሌሎቹ ጥቅም በአብዛኛው የሚወሰነው የሥራ ሰዓት ተመድቦላቸው እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

በኢትዮጵያ ከርቀት ለሚሠራ ቡድን የመማማሪያው ቦታ ብዙውን ጊዜ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። እዚያ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። ጀማሪው «ሰላም ዋላችሁ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የሚያውቀው ሰው «ኢንቦክስ አድርግልኝ» ይለዋል፤ መልሱ እዚያው ሁለቱ ዘንድ ይቀራል። በማግስቱ ሌላዋ ያንኑ ትጠይቃለች። ኃላፊው ግሩፑ ውስጥ ካሉ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይወጣም፤ አላዋቂ መስሎ መታየት ያስፈራል። ኃላፊ የሌለበት ሁለተኛ ግሩፕ የሚከፈተው ለሐሜት ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ስህተት ነው፤ እውነተኛው ትምህርት የሚካሄደው እዚያ ሊሆን ይችላል።

የሰዓት ነገርም አለ። አዲስ አበባ 9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 8) ነው፤ «በ3 እንገናኝ» የተባለ ስብሰባ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ከአባላቱ ግማሹ ይቀራሉ። ኔትወርክ ሲደክም ቪዲዮ ስለሚቆራረጥ ብዙ ማብራሪያ በቮይስ ይላካል። ቮይስ ለተናጋሪው ይቀላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ለሚፈልገው ሰው ግን በቃል ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ መልሱን ሁለት መስመር አድርጎ የሚጽፍና ግሩፑ አናት ላይ ፒን የሚያደርግ አንድ ሰው መመደብ ይጠቅማል። የግሩፑ አስተዳዳሪም አዲስ አባላት የቀድሞውን መልእክት እንዲያዩ የሚፈቅደውን ማስተካከያ መክፈት አለበት፤ ካልተከፈተ አዲስ የገባው ሠራተኛ ከመግባቱ በፊት የተጻፈውን በሙሉ ላያይ ይችላል።